ከአንድ ምስጋና ጀርባ አራት ገጽ

ለተወደድኸው ወንድሜ ለአምብሮዝ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ሳልህ ተሻለህ ወይ? ሚስትህ ጄሚማስ እንዴት ናት? ልጆቹስ የካናዳን ብርድ ቻሉት? እኔ ከጉልበቴ ቁርጥማት በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። እኅታችን ሄስተርም ደህና ናት፤ ቢያንስ ደህና ነኝ ትላለች። ዛሬ የምጽፍልህ እሷ የምትለውን ማመን ስላቃተኝ ነው።

በዚህ ዓመት አገሩን ሁሉ ያነጋገረ አንድ ልብ ወለድ ወጥቷል። ሦስት ቅጽ ነው። ደራሲው ማርቲን ሄልድ ይባላል፤ ፊቱን ያየ ግን የለም። እኔ ልብ ወለድ እንደማልወድ ታውቃለህ። ሆኖም ምእመናኖቼ ከስብከቴ ይልቅ እሱን ሲጠቅሱ ብሰማ፣ ሁለቱን ቅጽ ተውሼ አነበብሁ። በሁለተኛው ውስጥ አንድ ቄስ፣ እኅቱ ከግሪክ የተረጎመችውን ደብተር "ለሴት ልጅ አይበጅም" ብሎ ምድጃ ውስጥ ይጨምረዋል። እኔ የሄስተርን ደብተር ያቃጠልሁ ዕለት በክፍሉ ውስጥ የነበርነው እኔ፣ እሷና አንተ ብቻ ነን። አንተ ያኔ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርህ።

እውነቱን ልንገርህ፤ መጀመሪያ የጠረጠርሁት አንተን ነው። ከልጅነትህ ጀምሮ ወሬ ታሳምራለህ። ነገር ግን መጽሐፉ፣ ከራት በኋላ ወንዶች ከወይናቸው ጋር ሲቀሩ ሴቶቹ ወደ ሌላው ክፍል ሄደው የሚሉትን ሁሉ ያወራል። አንዷ፣ "ባሌ ሲያስረዳኝ ስፌቴን እቆጥራለሁ፤ ትናንት ስለ ግብር ሲያወራ ሙሉ እጅጌ ጨረስሁ" ትላለች። ሌሎቹ ይስቃሉ። ያን ሳቅ ከግድግዳ ማዶ ስሰማው ኖሬአለሁ፤ ምክንያቱን የሚያውቅ ወንድ ግን አላጋጠመኝም። በመጽሐፉ ውስጥ ባለው የግሪክኛ ጥቅስ እንኳ ስሕተት ፈለግሁ። ኦክስፎርድ የተማርሁ ሰው ሆኜ ሳለ አንድም አጣሁለት፤ ይህም አናደደኝ።

ስለዚህ ወጥመድ ዘረጋሁ። ወደ መንደራችን ገና ያልደረሰውን ሦስተኛውን ቅጽ ከከተማ መጽሐፍ ሻጭ አስመጣሁ። ገጾቹ ገና እንደ ተጣጠፉ ነበሩ፤ በቢላዋ ካልተቆረጡ በቀር ማንም ሊያነባቸው አይችልም። ሐሙስ ከሻይ በኋላ፣ ሄስተር የተቀደደ ካልሲዬን ስትሰፋ፣ እየቆረጥሁ ጮክ ብዬ አነበብሁላት። ሆን ብዬም አንድ ዓረፍተ ነገር ዘለልሁ።

ቀና እንኳ ሳትል "አንድ ዘለልህ" አለችኝ።

"ምን የሚል?" አልኋት። ቃል ሳታዛንፍ ነገረችኝ።

ከዚያማ ምን ልበልህ! "በቤቴ ተቀምጠሽ በአገር ፊት ታዋርጂኛለሽ?" ብዬ ጮህሁባት። ለአሳታሚው ጽፌ ማንነቷን እንደማጋልጥ ዛትሁ። እሷ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና "ጻፍ እንጂ ወንድሜ፤ ስምህን ግን አጉልተህ ፈርም። እስከ ዛሬ ያ ቄስ ማን እንደ ሆነ ያወቀ የለም" አለችኝ። ወጥ ሠሪያችን ወይዘሮ ታፕሰል በሩ ላይ ቆማ ኖሮ፣ "ጌታዬ፣ ሻዩን ላንሳ ወይስ ንባቡ አላለቀም?" አለች። እሷም ታውቅ ኖሯል!

ለአሳታሚው አልጻፍሁም። የሚያንገበግበኝ ግን ውርደቱ አይደለም። ያን ዕለት ሄስተር ደብተሯ ሲነድ "አመሰግናለሁ ወንድሜ" ማለቷን ታስታውሳለህ። እኔ በዚያች ቃል ተማምኜ፣ በጎ ሠራሁ ብዬ ሠላሳ ዓመት ኖሬአለሁ። በመጽሐፉም ልጅቱ ያችኑ ቃል ትላለች፤ ቃሏን ስትል በልቧ ያለው ግን አራት ገጽ ሙሉ ተጽፏል። አራቱንም አንብቤአለሁ። አሁን "እንደምን አደርህ" ስትለኝ እንኳ ከበስተኋላው ስንት ገጽ እንዳለ እያሰብሁ ቁርሴ ይቀዘቅዛል።

አንተ አጠገቧ ቆመህ ነበር። እኔ እሳቱን እንጂ ፊቷን አላየሁም። ምን ይመስል ነበር? ሳታሳምር ጻፍልኝ።

ለጄሚማ፣ ለሩፐርትና ለትንሿ ዊኒፍሬድ ሰላምታዬን በየስማቸው አድርስልኝ። ወይዘሮ ታፕሰል እጅ ትነሣለች። ሄስተርም "እንደምወደው ንገርልኝ" ብላለች። ያለችውን ጽፌልሃለሁ፤ ያሰበችውን አላውቅም።

ታላቅ ወንድምህ ጊልበርት
ቶርንሌይ፣ ዮርክሻየር
ኖቬምበር 14 ቀን 1857