የሚያዳልጠው ጎመን

የካቲት 18 ቀን 1987

ልብስ አጠብኩ። ባሮ ጎድሏል፤ አሸዋው ወጥቷል። ከወንዙ ስመለስ በራችን ላይ አንድ ቅርጫት፣ አንድ ጃንጥላ፣ አንድ አማት። ከጎሬ በጭነት መኪና መጥተው። ሰላምታው ሳያልቅ ላብ በላብ ሆኑ። ዕዝራ ጉያቸው ገባ። ባሌ እኮ ነው፤ በአዲሱ ክልል ቢሮ ማኅተም የሚይዝ ሰው…

እራት ላይ ፈረዱብን። «ጎሬ ሥራ ይገኛል። ልጄን ጎመን በማይበቅልበት በረሃ አልተውም። ጾሙን እዚሁ ቆይቼ፣ ለፋሲካ ይዣችሁ እገባለሁ።»

ዕዝራ ዝም። እናቱ ፊት ዝም ካለ እሺ ማለቱ ነው።

እኔስ? እሳቸው ቤት ገብቼ ጨው ለመጨመር ላስፈቅድ? እዚህ የራሴ ጓዳ አለኝ። የማንጎ ዛፍ አለኝ። ሲመሽ ወንዝ ወርጄ እታጠባለሁ። ይህን አገር እወደዋለሁ። አልሄድም።

የካቲት 20

ጾም ገባ። ከደጋ የመጣው ጎመን ገበያ ሲደርስ ቢጫ ሆኗል። አማቴ አነሱት፣ አሸተቱት፣ መልሰው አስቀመጡት። ሽሮ በላን። ነገም ሽሮ ነው። «ጎመን በጤና ይላል ሰው። ጎመኑ ከሌለ ጤናው ከየት ይመጣል?»

ጎረቤቴ ኛኩዎል ከማታር የመጣች ናት፤ አማርኛን እዚህ ነው የተማረችው። ወንዙ ዳር በቆሎ አላት። በበቆሎው መሐል ማንም ሳይዘራው የሚበቅል ቅጠል አለ፤ ኩድራ ይሉታል። ሥሩን አትነካም፤ ጫፍ ጫፉን እየቀጠፈች ለልጆቿ ትሠራለች። ለአማቴ ሐሳቡን ጣል አደረግኩ።

«የሜዳ ቅጠል የሚበላ ፍየል ነው» አሉኝ።

እንግዲህ… ፍየል ሳላደርጋቸው አልቀርም።

የካቲት 22

ኩድራውን እንደ ጎመን ቀቅዬ ልጨምቀው ስል በጣቶቼ መሐል ሾለከ። በጨመቅኩት ቁጥር ይለጠጣል። ልጋጉ ክንዴ ድረስ ወጣ። ኛኩዎል በር ላይ ቆማ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ይሄ ልብስ ነው እንዴ የምትጨምቂው?»

አሳየችኝ። ደቆ ይከተፋል። ከተጣራ የአመድ ውሃ ጠብ ይደረግበታል። ከዚያ የተወቀጠ ለውዝ። ደረቅ ዓሣ ልትጨምር ስትል እጇን ያዝኩ።

«ጾም ነው።»

«ዓሣ ሥጋ ነው?»

ይሄን ክርክር ቄሶቹም አልጨረሱት። ዓሣው ይቅር አልኩ።

የካቲት 23

ቀረበ።

«ምንድነው?»

«ጎመን ነው፣ እማማ። የቆላ ጎመን።»

ጎረሱ። ሳያላምጡት ወረደ። ቆም አሉ… «ለምንድነው የሚያዳልጠው?»

«ሙቀቱ ነው።»

በሙቀት የማይሳበብ ምን አለ? ሻማ ይጎብጣል፣ የቢሮ ሰው ያረፍዳል፣ ጎመን ያዳልጣል። አመኑኝ። ሳህኑን በእንጀራ ጠረጉት። ዕዝራ አፉን ሊከፍት ሲል ከጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጥኩት።

መጋቢት 2

በየቀኑ ሆኗል። «የዛሬው ከትናንቱ ይጥማል» ይላሉ። ፊታቸው ወዝ አወጣ። ለዕዝራ «ለነገሩ ነፋሱ ደህና ነው» ሲሉት ሰማሁ። ነፋሱ ደህና ነው! ልጨፍር ምንም አልቀረኝም።

መጋቢት 9

ጉድ ፈላ።

ኛኩዎል ኢታንግ ገበያ ሄዳለች። አማቴ በማለዳ ወጡ። ረፋዱ ላይ ከወንዙ ዳር ተጣሩ፤ ወረድኩ። ነጠላቸውን አገልድመዋል፣ እጃቸው እስከ ክርን ጭቃ ነው። የኛኩዎል ማሳ እንደ ተላጨ ራስ ጠርቷል። ከበቆሎው በቀር አንድ ቅጠል የለም።

«አሳዘነችኝ። ማሳዋን አረም ውጦባት… አረምኩላት። እርሻ ማለት እንዲህ ነው።»

ኩድራው ዳር ላይ ተከምሯል። ከነሥሩ። ፍየሎች ሰፍረውበታል። የጾማችን ወጥ በሙሉ! መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ የኛኩዎል ልጆች ትዝ አሉኝና ሳቄ ጠፋ።

አመሻሽ ላይ ኛኩዎል መጣች። ማሳዋን አየች። ዘንቢሏን መሬት አስቀመጠች።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ልጄ። አረሙን ነቀልኩልሽ።»

«እማማ፣ ይሄ አረም አይደለም። ይሄ ምግብ ነው። ዝናብ እስኪመጣ ልጆች ይሄን ነው የሚበላው። አንቺም በየቀኑ በልተሻል።»

አማቴ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «ጎመኑ?»

«ሙቀቱ…» ምላሴ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። «አዎ፣ እማማ።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የእኔው ጭቃ ላይ እንደቆምኩ ጠራ።

መጋቢት 10

ሽሮ። አማቴ ጓዛቸውን ሸክፈዋል። ሐሙስ መኪና አለ። «ለእናንተም ቦታ ይያዝ» አሉት ዕዝራን። እሱም እንደ ልማዱ ዝም። ኛኩዎል በደጄ ስታልፍ ሰላም አላለችኝም። ከሁለቱ የቱ እንደሚብስ እንጃ… ይሄኛው መሰለኝ።

መጋቢት 14፣ ሐሙስ

መኪናው ጥሩምባውን ይነፋል። ጓዙ በር ላይ ነው፣ አማቴ ግን የሉም። ወንዝ ወረድኩ። አማቴና ኛኩዎል ጎን ለጎን ጭቃ ውስጥ ናቸው። ኛኩዎል ለክፉ ቀን ብላ ካለፈው ዓመት ያስቀረችውን የኩድራ ደረቅ ፍሬ በመዳፏ እያሸች ትሰጣቸዋለች፤ እሳቸው ይዘራሉ።

«እማማ፣ መኪናው።»

«ይሂዳ።»

«ፋሲካስ? ጎሬ…»

«ፋሲካ የትም ይመጣል። የሰው ማሳ አራቁቼ ልሂድ? የገበሬ ልጅ ነኝ እኮ። እስኪበቅል ውሃ አጠጣለሁ።» ከዚያ ቀና ሳይሉ ጨመሩ። «አንቺ ደግሞ በቅሎ እስኪደርስ ለልጆቿ ወጥ ትሠሪያለሽ። ጨው እንዳታበዢ።»

ሠራሁ። ጨው አላበዛሁም። ሳህኖቹን ሳደርስ ኛኩዎል ተቀበለችኝ፤ «ዛሬ ምን ጨመቅሽ?» አለችኝ። በደስታ ላለቅስ ነበር።

ሚያዝያ 16

ፋሲካ ትናንት ነበር። ዶሮ በላን፣ እዚሁ። ኩድራው ቁርጭምጭሚት አልፏል። ስለ ጎሬ የተነፈሰ የለም። እኔም አላነሳውም።

ግንቦት 6

የአማቴ ታናሽ እህት እትዬ ፍሬሰንበት ከጎሬ መጡ። «እህቴን ልወስድ ነው። በረሃ በልቶ አስቀራት» እያሉ።

አማቴ ጓዳ ገቡ። ጓዳው ከእጄ ከወጣ ሰነባብቷል። «አመዱን ቀንሺ»፣ «ለውዙ አልደቀቀም»… ስሸሸው የነበረው ነገር እዚሁ መጥቶ ምድጃዬ ሥር ተቀምጧል። ጾሙ ካበቃ ወዲህ ደረቅ ዓሣውንም የሚያስጨምሩት እሳቸው ናቸው። ያም ሆኖ ይሂዱ ብባል እምቢ እላለሁ። ምን ነክቶኝ ነው?

ቀረበ። ፍሬሰንበት ጎረሱ። ቆም አሉ።

«ምንድነው ይሄ?»

«ጎመን ነው» አሉ አማቴ።

«ለምንድነው የሚያዳልጠው?»

ልናገር አፌን ስከፍት ከጠረጴዛው ሥር አንድ እግር ረገጠኝ። ዕዝራን አየሁት፤ እሱ በወዲያኛው ጫፍ ነው የተቀመጠው። አማቴ ወደ እኔ አላዩም።

«ሙቀቱ ነው» አሉ። «ብዪ።»