ለሁምቦ ዳገት የተመረጠ መኪና

ይድረስ ለማከብርህና ለምወድህ ወንድሜ ለቢላል ጀማለዲን፤ ካለህበት ሻርጃ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጋሼ፣ እንዴት ከርመሃል? ወገብህ እንዴት ሆነልህ? ባለቤትህ ሀኒያስ ደህና ናት? ልጆቹን ትምህርት እንዴት ይዟቸዋል? ያ እሳት የሆነ ሙቀት በረድ ብሎላችሁ ይሆን? እኛ አላህ ይመስገን አለን። ሱቁም አለ፣ ባለቤቴ ጃዕፈርም አለ፣ ልጆቼም እንደ ልጆችህ አልሰማ ብለው አሉ። ክረምቱ ጠንክሮ ከርሞ ሰማዩ ገና አሁን መጥራቱ ነው፤ የዳሞታ ተራራ ጠዋት ጠዋት ጉሙን አራግፎ ከደጃችን ይታያል። እማዬም ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት። «ከጉልበቷ በቀር» ማለቴን ብትሰማ ትቆጣኛለች፤ ጻፊ ያለችኝ «ምንም አልሆነችም» ብዬ ነው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አስጻፈሽ ትለኝ ይሆናል። በስልክማ አንተም እኔን አትሰማኝ፣ እኔም አንተን አልሰማህ፤ ሄሎ ሄሎ ስንባባል ካርዱ ያልቃል። ይህ ጉዳይ ደግሞ የስልክ አይደለም። እማዬ ራሷ «በስልክ እንዳትነግሪው፤ ጽፈሽ ላኪለትና ቁጭ ብሎ ያንብበው» ብላኛለች። ስለዚህ ይህ ወረቀት ሥራ ቦታ ከደረሰህ አጥፈህ ኪስህ ክተተውና ቤትህ ስትገባ አንብበው። እለምንሃለሁ።

መጀመሪያ ስለ መኪናው ልንገርህ። የላክሃቸውን የሁለቱን መኪኖች ፎቶ ከደብዳቤህ ጋር ተቀብለናል። አንተ ሌት ተቀን የሰው መኪና ስታጥብና ስታሻሽጥ ኖረህ፣ ዛሬ ለእናትህ ከዚያው ግቢ መርጠህ ልትልክ መብቃትህ ለኛ ትልቅ ነገር ነው። ጥቁሩ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ ብርማዋ ባለ አራት፤ ሁለቱም ግን እዚህ ሲታዩ ቤት ያክላሉ። ልብህ ያለው ጥቁሩ ላይ እንደሆነ አላጣሁትም። ለብርማዋ አንድ ፎቶ፣ ለጥቁሩ ግን ሞተሩን፣ ጎማውን፣ ወንበሩን ሁሉ ለየብቻ አንስተህ ነው የላክኸው። «እናቴ እንደ አባቴ መንገድ ላይ አትቀርም» የሚለውን ቃልህንም አንብቤዋለሁ።

መኪናው ለምን እንደሚያስፈልግ ታውቃለህ። እማዬ በየሳምንቱ ዱቦ ሆስፒታል ሄዳ መታየት አለባት። ባለፈው ከሚኒባስ ስትወርድ ወድቃ ከዚያ ወዲህ አልሄድም ብላ ቀረች። ሐኪሞቹ እንዳታቋርጥ አስጠንቅቀውን ነበር። ቀን በቀን እግሯ ሲያብጥ፣ ከአልጋ ወደ በር መሄድ ሲያደክማት እያየሁ ነው። ሱቁም ከሁምቦና ከበዴሳ የሚመጣለት ዕቃ አለ፤ ዋናው ግን እሷ ናት። ነጂው ማን ነው ብለህ በየደብዳቤው ትጠይቃለህ። ነጂው እኔ ነኝ ጋሼ። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ቆይቻለሁ፤ የሱቁን ፒክአፕ የምነዳው እኔ ነኝ፤ እሱ ግን ለእማዬ አይመችም። ላስደንቅህ ብዬ ነበር የደበቅሁህ፤ በል ተደነቅ።

እንግዲህ «ሰውና ጭነት ሞልታችሁ የሁምቦን ዳገት ሞክሩበት» ባልከው መሠረት ሞከርን። ተቋራጩን አቶ ጉልላትን ታስታውሰዋለህ፤ ቆርቆሮና ሚስማር ከኛ ነው የሚወስደው። ጥቁሩን የሚመስል ለራሱ፣ ብርማዋን የምትመስል ደግሞ ለመሐንዲሶቹ አለችው። «ሁለቱንም ሞክሩ» ብሎ ከሾፌሩ ከቶማ ጋር ሰጠን። ቶማ የዚሁ የወላይታ ልጅ ነው፤ ለባለ ስምንቱ ያለው ፍቅር ካንተ ይብሳል። «እቴ ፈይሩዝ፣ እሱን አንዴ ከነዳሽ ሌላ መኪና አህያ ነው የሚመስልሽ» አለኝ ገና ሳልነካው።

ውሸቱን አልነበረም። ከሁምቦ ጠበላ በቆሎ ጭነን፣ ከኋላ ሦስት ሰው ይዘን ስንመለስ ዳገቱን ሜዳ አደረገው። ማርሽ አልቀነሰ፣ ድምፅ አላሰማ፤ ነዳጅ ረገጥ ሳደርግ ወንበሩ ጀርባዬን ገፋኝ። ወደላይ ከወጣን በኋላ ነው የወርካው ኩርባ ትዝ ያለኝ። የታመመው አባባ የተጫነበት መኪና የቆመበትን ቦታ፣ ሁልጊዜ ሳልፈው ቢስሚላህ የምልበትን ቦታ፣ ሳላየው አልፌዋለሁ። ቶማ «አየሽ ጉልበት?» ሲለኝ እኔ በመስታወቱ ወደኋላ እያየሁ ነበር።

ከተማ ስንገባ ጣጣው መጣ። የገበያው መንገድ በባጃጅና በጋሪ ተሞልቶ እኔ እንደ ሙሽራ መኪና በዝግታ፣ ሰው ሁሉ ዞር እያለ እያየኝ። ባለሥልጣን የመጣ መስሏቸው ወንበር ይዘው የተነሱም ነበሩ፤ እኔን ሲያዩ ተመልሰው ተቀመጡ። ሰፈራችን ስደርስ ደግሞ ወደ ቤታችን የሚያስገባውን ቅያስ ልጠመዝዝ ብል አልዞር አለ። ወደኋላ፣ ወደፊት፣ እንደገና ወደኋላ። የወይዘሮ ብርቄን አጥር ልገረስስ ምንም አልቀረኝ። መጨረሻ ላይ ቀና አድርጌ ወደፊት ልነዳ ስል ቶማ «ፍሬን! ፍሬን!» ብሎ ጮኸ።

እማዬ ነበረች። የመኪና ድምፅ ሰምታ በምርኩዟ ወጥታ፣ ኮፈኖው ፊት ቆማለች። ጋሼ፣ አላየኋትም። ከወንበሩ ተነስቼ ካልሆነ በቀር የሻሿን ጫፍ እንኳ አላይም ነበር። አንተ የምታውቃት እናታችን ከዚያ ኮፈኖ ከፍ ትል ነበር። አሁን ጎብጣለች፤ አጥራለች። መሪውን እንደያዝኩ ስቀር ቶማ ነው ሞተሩን ያጠፋው። እሷ ግን ምንም እንዳልሆነ ሁሉ በሩን ከፍታ መርገጫው ላይ እግሯን ልታነሳ ሞከረች፤ አልደረሰላትም። ቶማ «እማማ ልደግፍዎት» ብሎ እጁን ሲዘረጋ፣ «ልጄ ተባረክ፤ ሰው አንስቶኝማ አልገባም» ብላ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

በማግስቱ ብርማዋን ሞከርን። እውነቱን ልንገርህ፣ ዳገቱ ላይ ታቃስታለች። ያንኑ ጭነት ይዛ ሁለት ጊዜ ማርሽ ቀንሼላታለሁ፤ አየር ማቀዝቀዣውንም ቶማ አጥፊ ብሎኝ አጠፋሁ። ጉድጓድ ላይም ትነቀንቃለች። የወርካው ኩርባ ላይ ቀስ ስትል ግን ቦታውን በደንብ አየሁት፤ ዛፉንም፣ ከሥሩ ያለውንም ድንጋይ። ቅያሳችንን በአንድ ዙር ገባችልኝ። እማዬ መያዣውን ጨብጣ ደህነኛውን እግሯን አስቀደመችና «ቢስሚላህ» ብላ ራሷ ወጥታ ተቀመጠች። በዚያው ዱቦ ወስጄ አሳየኋት። በመንገድ ላይ እንደ ልጅ በመስኮት እያየች «ይሄ ቤት መቼ ተሠራ? ያ ዛፍ የት ሄደ?» ስትለኝ ነበር።

ይህን ሁሉ ልጽፍልህ ያሰብኩ ዕለት ከዐስር ሶላት በኋላ ደብዳቤህን እንደገና አነበብኩላት። ፊተኛውን ጊዜ ሳነብላት ሆን ብዬ የዘለልኩት ቦታ ነበር፤ ያን ዕለት ግን ሳላስበው አነበብኩት። እንዲህ ያልክበትን ነው፦ «እኔ ከኋላ ስገፋ እናቴ ከሸራው ውስጥ አባቴን ‹አይዞህ፣ ትንሽ ነው የቀረው፣ አይዞህ› ስትለው እሰማ ነበር። ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ያ መኪና ጉልበት ቢኖረው አባቴ ይተርፍ ነበር።»

እማዬ እጇን አነሳችና አስቆመችኝ። «እኔ አባታችሁን አንተ ብያቸው አውቃለሁ?» አለች።

ጋሼ፣ እስቲ አስበው። አንድ ቤት አድገናል። በቁጣም በሳቅም፣ ሰው ባለበትም በሌለበትም፣ «እርስዎ» እንጂ ሌላ ሲወጣት ሰምተህ ታውቃለህ? ለእሳቸው ቢሆን «አይዞዎት» ነበር የምትለው። እኔም ስንት ጊዜ ያነበብኩትን ደብዳቤ፣ እሷ እስክትነግረኝ ልብ አላልኩትም። «ታዲያ ማንን ነው አይዞህ ያልሽው?» አልኳት። ሻሿን አስተካከለች። ከዚያ «ቢላልን ነዋ» አለች።

የነገረችኝን እንዳለ እጽፍልሃለሁ። አባባ ያረፈው ዳገቱ ላይ አይደለም። ጠበላን ለቃችሁ ገና ሜዳው ላይ ሳላችሁ፣ ዝናቡ ሳይጀምር፣ ራሱን ጭኗ ላይ እንዳደረገ አንዴ ረጅም ተንፍሶ አለፈ። የእምነት ቃሉን፣ ሸሃዳውን፣ በጆሮው ነገረችው፤ ዓይኑን ከደነች፤ የራሷን ሻሽ ፈትታ አገጩን አሰረች። ለማንም አልተናገረችም። ያን ጊዜ የጫኑት በሽተኛ መንገድ ላይ ሲሞት ሬሳ አንጭንም ብለው የሚያወርዱ ሾፌሮች እንደነበሩ ታውቃለህ፤ እሷም አንዲት ሴት ከባሏ ሬሳ ጋር ዛፍ ሥር ተቀምጣ ስታለቅስ አይታ ነበር። አባታችን በዝናብ ጭቃ ላይ እንዲወርድባት አልፈለገችም። ታጥቦ፣ ተከፍኖ፣ ሰው ሰግዶበት፣ ሶዶ ከወገኖቹ ጎን እንዲቀበር ነው የፈለገችው። ስለዚህ ሸራውን ዘግታ ዝም አለች።

የተከራያችሁት ፒክአፕ ኩርባው ላይ አቅም አጥቶ ሲቆም አንተ ወርደህ መግፋት ጀመርክ። «ልጄ ሬሳ እንደሚገፋ ቢያውቅ ጉልበቱ ይከዳው ነበር» አለችኝ። ገፍተህ ድንጋይ ታኮ ስታደርግ፣ ወድቀህ ስትነሳ፣ እያለቀስክ ስታቃስት በሸራው ቀዳዳ ታይህ ነበር። አንተ ያኔ ገና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርክ። ባሏን ታቅፋ፣ የምታጽናናው ልጇን ነበር። አንተ ሸራውን ልትገልጥ ስትል «ብርድ ይመታቸዋል፣ ተወው» ያለችህም ለዚያ ነው። ዳገቱን ከጨረሳችሁ በኋላ «ሆስፒታል! ሆስፒታል!» እያልክ ስትጮህ «ወደ ቤት» ያለችውም ለዚያ ነው። ይህን «ወደ ቤት» ያለችውን ነገር በሆድህ ይዘህባት እንደሄድክ ታውቃለች። አንድም ቀን አልጠየቅሃትም፤ እሷም አልነገረችህም። ቆይ ሲረጋጋ እነግረዋለሁ ስትል አንተ አገር ለቀህ ሄድክ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ በስልክ እንዴት ትበለው?

ስትነግረኝ አለቀስኩ፤ እሷ አላለቀሰችም። ተናደድኩባትም። ይህን ሁሉ ዓመት እንዴት ብቻሽን ያዝሽው ብዬ ጮህኩባት። «የሱን ሸክም መች አወቅሁት? መኪናው ላይ እንዳሳበበ ዛሬ ከአንቺ አፍ ሰማሁ» አለችኝ። እንዳትቆጣት ጋሼ። ከተቆጣህም በኔ ላይ ተቆጣ፤ እኔ እችለዋለሁ።

እንግዲህ ያ አሮጌ ፒክአፕ ምንም አልበደለህም። እዚያ ዳገት ላይ ባለ ስምንት ሲሊንደር ቢኖራችሁ ኖሮ እንኳ ለአባባ የሚፈይድለት ነገር አልነበረም። የአባባ ቀኑ ሜዳው ላይ አልቋል። አንተ በየሌሊቱ የምትገፋውን መኪና እስቲ አሁን ተወው። እማዬ ያለችኝን ቃል በቃል ልጻፍልህ፦ «አባታችሁን መኪና አይደለም ያስገባልኝ። ልጄ ነው በትከሻው ገፍቶ በክብር እቤታቸው ያስገባልኝ። ያን ጉልበት ከየት አመጣው እያልኩ እስከ ዛሬ ዱዓ አደርግለታለሁ።»

ጥቁሩን አትላክልን። ለእናትህ ብርማዋን ላክላት፤ ዳገቱ ላይ ብታቃስትም ግድ የለም፣ እኔ ማርሽ እቀንስላታለሁ። ከወንበሯ ሆኜ እማዬ ስትመጣ አያታለሁ። ጥቁሩን ደግሞ ለሚቸኩል ሰው ሽጠው። ስትመጣ፣ መምጣትህ ደግሞ አይቀርም ብዬ ነው የምጽፈው፣ መሪውን እሰጥሃለሁና የሁምቦን መንገድ አብረን እንሄዳለን። የወርካው ኩርባ ላይ ቀስ ትላለህ።

ጃዕፈር «ሳትከራከር የእህትህን ስማ» ይልሃል፤ እሱ ለምዶታል። ልጆቼ አጎታችን ብለው እጅህን ስመዋል፤ ትንሿ ከፎቶዎቹ ጥቁሩን ካልሰጣችሁኝ ብላ ወስዳዋለች። ወይዘሮ ብርቄ አጥሯ በመትረፉ አላህን ታመሰግናለች፣ አንተንም «የኔ ልጅ» ትልሃለች። ቶማ እንኳ ሳያውቅህ ሰላም ይልሃል፤ በምርጫችን ግን አዝኗል። ለሀኒያ የእህትነት ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ልጆችህንም በየስማቸው ሳሚልኝ ብለህ ንገራት።

እማዬ አጠገቤ ናት። ምን ልጻፍልሽ ስላት ሌላ ጊዜ ብዙ የምታዘኝ ሴትዮ ዛሬ አንድ ቃል ብቻ ጻፊለት አለችኝ፤ ለማን እንደሆነ አሁን ያውቃል አለች። አይዞህ።

እህትህ ፈይሩዝ ጀማለዲን
ወላይታ ሶዶ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፳፻፬ ዓ.ም.