የጠበበው ጄሶ

ጥቅምት 3
የቀሚስ አንገት ስሰፋ ዋልኩ። ጥቅል ጨርቅ ላወርድ በርጩማ ላይ ወጣሁና... ዘጭ! የግራ እጄ አንጓ ተሰበረ። ሆስፒታል አንድ ባለመነጽር ሐኪም ጄሶ አሰረልኝ። ፈጣን ነው። ደህና ሰው ይመስላል።

ጥቅምት 4
ጣቶቼ አብጠዋል፣ ቀዝቅዘዋል። አውራ ጣቴን በመርፌ ወጋ አደረግኩት... ምንም! ከሰዓት ተመልሼ ሄድኩ። ባለመነጽሩ ቀና ብሎም አላየኝ። "ይለመዳል እናት፣ ትንሽ ታገሺ።" እናት? እኩያዬ አይደለም እንዴ! አፍንጫህን ላስ አንተ ጉረኛ!

ጥቅምት 5
ጠዋት ስለ ጄሶ ልፈልግ ስልኬ ላይ አፈጠጥኩ። አንዱ ገጽ ሽንኩርት እሰሪበት ይላል፤ ከሥር የራሱን ቅባት ይሸጣል። ሌላው ማን እንደጻፈው እንኳ አይታወቅም። ቆይ... እኔ ሁለቴ ሳልለካ መቀስ አነሳለሁ? ማን ጻፈው? መቼ? ምን ሊሸጥልኝ ነው? እያልኩ ሳጣራ ሁለት ቀሩ። አንዱ የሕክምና ትምህርት ቤት ነው። ሌላውማ የዚያው የሆስፒታሉ የራሱ ገጽ! "ጣት ከቀዘቀዘ ወይም ከደነዘዘ ጄሶው ወዲያው ይከፈት።" ሁለቱም አንድ ቃል።

ወደ ሆስፒታሉ በረርኩ። ነርሷ እንዳየችኝ ጄሶውን ሰነጠቀችው።
"ትናንት ለምን አልመጣሽም?"
"መጥቻለሁ!"
ካርዴን ገለጠች። ስለ ትናንት አንድ መስመር የለም።

ጥቅምት 19
አውራ ጣቴ ጨርቅ አልይዝ አለ። ያለ እሱ ምን ልሰፋ ነው? ሐኪሙን ልከሰው ነው ብላት ታላቅ እህቴ እትዬ "ተዪው በቃ፣ ነገ እጁ ላይ ብትወድቂስ?" ትለኛለች። ሌላ ሐኪም ጋ እሄዳለኋ! አልተውም። የሕክምና አቤቱታ ሰሚዎቹን ገጽ አገኘሁ። በዕለቱ የተጻፈ ማስረጃ ካለ አያይዙ ይላል። በዕለቱ የተጻፈ... ይኼ ደብተርስ?

ኅዳር 2
የጥቅምት 4ን ገጽ ኮፒ አስነሳሁ። እትዬ አንብባ ሳቀች፣ ከዚያ ደነገጠች። "ኧረ በሞቴ ስድቡን ሸፍኚው!" አልሸፍንም። አንዱን ከሸፈንኩ የቀረውን ማን ያምነኛል?

ታኅሣሥ 10
አቤቱታ ሰሚዎቹ ፊት ቀረብን። ባለመነጽሩ "ተመልሳ መምጣቷን አላስታውስም" አለ። ሰብሳቢዋ የእኔን ገጽ ጮክ ብላ አነበበች፣ እስከ አፍንጫህን ላስ ድረስ። ፊቴ ጋለ፤ ግን አላቀረቀርኩም። እሱ ነው ያቀረቀረው። "ይለመዳል እናት... አዎ፣ ብያለሁ" አለ። የሆስፒታሉንም ገጽ አስቀመጥኩላቸው። የሐኪሙ ጥፋት ነው ብለው ጻፉ።

ጥር 6
የአውራ ጣቴ ጫፍ እንደደነዘዘ ይቀራል አሉኝ። አለቀስኩ። ጨርቁን በመዳፌ እየያዝኩ መስፋት ጀምሬያለሁ፤ ቀስ ይላል እንጂ ይሄዳል።

ዛሬ ለክትትል ሄድኩ። አዲሷ ሐኪም ጽፋ ካርዱን ልትዘጋ ስትል እጄን ጣል አደረግኩበት።
"መጀመሪያ የጻፉትን ያንብቡልኝ።"
ትክ ብላ አየችኝ። አነበበች። "የአውራ ጣት መደንዘዝ..."
"የግራ" አልኳት።
ጨመረችበት። ያን ጊዜ ተነሳሁ።