የደቡቡ ግድግዳ

ለማከብርህ ታላቅ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህና ልጆቹስ? ቶኪዮ በዚህ ወር አበባው ፈክቷል ይላሉ፤ እኛ አሳሂካዋ ዛሬም በረዶ ስንዝቅ አረፈድን። እኔ ደህና ነኝ። አባታችንም በልቶ ያድራል፤ ሌላ ምን ልበልህ።

እናታችን በሞተች ዓመት አባታችን ሶላሩን ጣሪያ ላይ ሳይሆን በደቡቡ ግድግዳ ላይ ሲያቆመው፣ ጎረቤታችን ኩሮይዋ «ምነው፣ ግድግዳህ ዓይኑ ደክሞ ነው መነጽር ያደረግህለት?» ብሎ ስቆበት ነበር። አባታችንም «ያንተ ጣሪያ ላይ በረዶ ይተኛበታል፤ ግድግዳ ላይ ቆሞ የሚተኛ በረዶ ግን አላየሁም» ብሎ አፉን አስያዘው። እውነቱን ነበር። የክረምቷ ፀሐይ ዝቅ ብላ ፊት ለፊት ትመታዋለች፤ መሬት ላይ ያለው በረዶም መልሶ ያበራበታል። አምስት ክረምት ክፍሉን ያሞቀው ይኸው ነው። የጋዝ ምድጃ ደረቱ አልችል ካለ ቆይቷል፤ የመብራቱን ሂሳብ ደግሞ ጡረታው አይችለውም። በቤቱ ያሰነበተችው ፀሐይ ናት።

አሁን በእናታችን የድንች መደብ ላይ አምስት ፎቅ ቆሟል። መሬቱ በስምህ ነበር፣ ሸጥከው፤ አባታችንም «የራሱ ነው» አለ። ግን አንተ በስልክ «ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው፣ ምንም አይጋርድም» አላልከኝም? አመንኩህ። በነሐሴ የላክኸው የስምምነት ወረቀት ታትሞበት በሦስት ቀን ተመልሶ እጅህ የገባው ለዚህ ነው።

ከኅዳር ጀምሮ ጥላው ግድግዳውን ሲወጣ አባታችን በመስኮት ያየው ነበር። «ሦስተኛው ላይ ያቆማሉ» አለ፤ ቀጥሎ «አራተኛው ላይ»። ዛሬ ኮፍያውን አጥልቆ ነው የሚተኛው። ጎረቤት ካልተስማማ ይህን ያህል ከፍ አያደርጉትም፣ በፊርማ ፈንታ ማኅተሙን ያተመላቸው ኩሮይዋ ነው ብሎ ለሁለት ወር ሰላምታ ነፈገው። ባለፈው ማክሰኞ ደግሞ ስምምነቱን በዓይኔ ካላየሁ ብሎ ወደ ሕንፃ ሠሪዎቹ ቢሮ ተነሣ። መንገዱ ያንሸራትታል አልኩት፤ ሳሉ ይብስብሃል አልኩት። አልሰማኝም።

ሲመለስ ወደ ቤት አልገባም። በኩሮይዋ በር ላይ፣ በረዶው ውስጥ ቆሞ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው ጎንበስ አለ። ኩሮይዋ «ኧረ ምን ሆነሃል ሰውዬ! ግባ እንጂ፣ ብርድ ነው» ሲለው ይሰማኛል። አባታችን ለረጅም ጊዜ ቀና አላለም።

ከዚያ መጥቶ ጫማውን አወለቀና ተቀመጠ። አልተቆጣኝም። ጋሼ፣ ምነው በተቆጣኝ ኖሮ! የአረጋውያኑን ቤት ማመልከቻ አምጪ አለኝ፤ ያንን ስንት ጊዜ አላይም ያለውን። ሞልቼ አቀረብኩለት። የአባታችንን ማኅተም ላወጣ ወደ መሳቢያው እጄን ስሰድ «ተይው ልጄ፤ ይቺን እንኳ እኔው ላትማት» አለኝ።

ቅዳሜ ይገባል። ልጆቹን ሳምልኝ፤ ጤናና ሰላም ከቤትህ አይጥፋ። አባታችን ሰላም በይልኝ አላለም፤ እኔም አልጠየቅሁት።

እህትህ