አርብ ገበያ ያለው አንድ ተመልካች

ጽዮን፣

ይህን ፖስት ካርድ የምጽፍልሽ አርብ ገበያ ከተማ፣ ከስልክ ጠጋኙ ከደምሌ ሱቅ ሆኜ ነው። ህይወት የምትባል ልጅ መካነ ኢየሱስ ከተማ ሆና የኳስ ጌም ስትጫወት በቀጥታ ታስተላልፋለች። ደምሌ ስልኩን መስኮቱ ላይ አቁሞታል፤ ገብሳቸውን ሸጠው የጨረሱ ገበሬዎች አግዳሚውን ሞልተው፣ የቀሩት በሩ ላይ ተደራርበው ያያሉ። አያ ገብረ ሥላሴ የሚባሉ ሽማግሌ "አቀብይ እንጂ ልጄ፣ ብቻሽን የት ትደርሻለሽ" እያሉ ይቆጧታል። ስልኩ ላይ ግን የተመልካች ቁጥር 1 ይላል።

ባሕር ዳር እኔና አንቺ ጎን ለጎን ተቀምጠን እንኳ በየስልካችን ስለምናይ ሁለት ተብለን እንቆጠራለን። ሰብስበን ለሁሉም ክፍት ከምናደርገው የጌም ስርጭት ዳታ ላይ "አንድ ተመልካች ያላቸውን ስርጭቶች እናውጣ፣ ማንም አያያቸውም" ብለሽ ነበር። አይወጡም። ምክንያቱን በዳታው መግለጫ ላይ እኔ እጽፈዋለሁ።

ጨዋታው ሲያልቅ ህይወት "ማን እንደሆንክ ባላውቅም፣ እስከ መጨረሻው ስላየኸኝ አመሰግናለሁ" አለች። ሽማግሌው ከአግዳሚው ብድግ ብለው "አለን ልጄ፣ ሁላችንም አለን" አሏት። እንደማትሰማቸው የነገራቸው የለም።

ካርዱ ጠበበኝ። እትዬ ዘነበችን ሳሚልኝ። እዚህ ያለው ሰው ሁሉ ሰላም ብሎሻል፤ አንድ ብለሽ እንዳትመዘግቢው።

መሐሪ