ጆሮዬን የደፈንኩበት ዘፈን

ለታላቅ እህቴ ለበለጥሽ፣

የጌታ ሰላም እስከ ጓዳሽ ድረስ ይግባልሽ። እንዴት ሰነበትሽ እትዬ? ወገብሽን ተሻለሽ? የእማማ ሳልስ ቀነሰላት? አባባ ታናሻችንን ዱባለን ከቀበራችሁት ወዲህ እህል በአግባቡ መቅመስ ጀመረ? ባልሽ፣ ልጆችሽ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንዴት ናቸው? እኔን ከጠየቅሽኝ እዚህ ደቡብ አፍሪካ በሕይወት አለሁ። ደህና ነኝ ግን አልልሽም፤ እስከ ዛሬ የዋሸሁሽ ይበቃል።

በደወልሽ ቁጥር «ዱባለን ሲገድሉት አንተ የት ነበርክ?» ትይኛለሽ። ዕቃ ልገዛ ከተማ ወርጄ ነበር ብያችኋለሁ። ውሸት ነው። በስልክ አፌ አልታዘዝ ስላለኝ ነው የምጽፍልሽ። እዚያው ነበርኩ። ከሱቁ ጀርባ ባለችው መኝታችን፣ ከዱባለ አሥር እርምጃ ርቄ፣ ፒያኖ እየተለማመድኩ ነበር።

አዎ፣ ፒያኖ። በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ! ለመዝሙር አገልግሎት ብዬ ነበር የጀመርኩት። ዱባለ ያገለገለ ኪቦርድ ገዝቶልኝ «ኬሻ የለመደ ጣት እስቲ ይታያል» እያለ ይስቅብኝ ነበር። የእኔ ልብ ግን ሌላ ጋ ነበር። ሆሳዕና ሳለን ከልብስ ሰፊው ቤት ይሰማ የነበረውን የፍቅር ዘፈን ታስታውሻለሽ? ሦስታችን አጥር ሥር ተሸጉጠን ስንሰማ አባባ ደርሶብን፣ ዓለማዊ ዘፈን ቤቴ አይገባም ብሎ ጀርባችንን በቀበቶ የተለተለን? ዱባለ ደሙ ሸሚዙን አርሶት እንኳ ማንጎራጎሩን አልተወም። እዚህም ሱቁን ሲጠርግ ያንኑ ነበር የሚያንጎራጉረው። ሳልነግረው ተምሬ ላስደንቀው ፈለግኩ።

ከቆርቆሮው ግድግዳ ማዶ የሚኖሩት የቤተ ክርስቲያን ኅብረታችን ሽማግሌ ጋሽ ሶፎንያስ ናቸው። ዘፈን ከሰሙ በጉባኤ ፊት ያቆሙኛል። ስለዚህ ድምፁ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ኪቦርዱ ላይ የሚሰካ ትልቅ የጆሮ ማዳመጫ ገዝቼ ጆሮዬን ደፈንኩ። ሦስት ወር ሙሉ ቀኝ እጄ ዜማውን ሲይዝ ግራው ይጠፋበታል፤ ግራው ሲገባው ቀኙ ይደናበራል። በንዴት ስንቴ ጠረጴዛውን በቡጢ ደብድቤዋለሁ መሰለሽ።

ያን ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ሁለቱ እጆቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ። ከመግቢያው እስከ አዝማቹ አንድም ሳልሳሳት ወረድኩት። ደስታው አላስቀምጥ ብሎኝ ደገምኩት። ከዚያ ማዳመጫውን አውልቄ «ዱባለ! ና እስቲ ስማ!» ብዬ ተጣራሁ።

አልመጣም። ስወጣ የሱቁ የብረት በር ተበርግዷል፤ ዱባለ ዳቦ ሊያስገባ የከፈተው ነው። ዘራፊዎች ገብተው ራሱን በመዶሻ ፈርክሰውታል፣ ሆዱን ወግተውታል። ከባንኮኒው ጀምሮ እኔ እስካለሁበት ክፍል ደጃፍ በደሙ ላይ በደረቱ እየተሳበ መጥቷል። የእጁ አሻራ በሩ ሥር አለ፤ እስካሁን አላጠብኩትም። ዱባለ ስሜን ሦስት ጊዜ ሲጠራ ጋሽ ሶፎንያስ ሰምተው እየሮጡ ሲደርሱ ሕይወቱ አልፏል። እሳቸው በግድግዳ ማዶ ሰሙት። እኔ አልሰማሁትም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ የሰፈራችን የዛንድስፕሩት ሰው ሁሉ ያኔ ወጣ። ከገዳዮቹ አንዱን ታክሲ መያዣው ጋ ያዙት። እኛን ባለሱቆቹን «ማይ ፍሬንድ» ነው የሚሉን፤ «ማይ ፍሬንድ፣ ሻያ!» እያሉ ብረት አስጨበጡኝ። ምታ ማለታቸው ነው። መታሁት። በሁለት እጄ፣ ጉልበቱን፣ ክንዱን፣ ፊቱን። አጥንቱ ሲሰበር ይሰማኝ ነበር፤ ያኔ ጆሮዬ ምንም አልጎደለውም። ፖሊስ ባይደርስ እገድለው ነበር። ባለመግደሌ ዛሬም ይቆጨኛል፤ ይህን ስጽፍልሽ ጌታን እየፈራሁ ነው።

ማዳመጫውን በመጥረቢያ ከታትፌዋለሁ። ኪቦርዱን ባንኮኒው ላይ አውጥቼ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ሰው እየሰማ ነው የምጫወተው። ጋሽ ሶፎንያስ ተቆጥተው መጥተው ነበር። የዱባለ ዘፈን ነው ስላቸው ቆመው ሰሙኝና ሄዱ። አዝማቹ ላይ ስደርስ ግን እጄ ይቆማል። ስሜን የጠራው እዚያ ላይ ይመስለኛል። ከዚያ ወዲያ አንድ ጣት ማንቀሳቀስ አልቻልኩም።

እማማን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ይህን ግን አታንብቢላት። ባልሽን ሰላም በይልኝ፣ ልጆችሽን ግንባራቸውን ሳሚልኝ። ለአባባ እውነቱን ንገሪው፣ ይርገመኝም እንደሆነ ይርገመኝ። ስለዚያ ቀበቶ ግን ገና ይቅር አላልኩትም፤ ይህቺን ለራስሽ ያዢያት።

አንቺ ይቅር ካልሽኝ ደውይልኝ። ሌላ ምንም አትበይ፣ ስሜን ብቻ ጥሪው። በመጀመሪያው አቤት እላለሁ።

ወንድምሽ አቢሶ
ዛንድስፕሩት፣ ጆሃንስበርግ
ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.