የአባባ የንብ ካርታ

ሰቆጣ፣ የካቲት 1996 ዓ.ም.

ለሩቅ አገር እህቴ፤

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ወገቤን ያመኛል ብለሽ ነበር፣ ተሻለሽ? ማዳምሽስ ምንጣፍ በእጅ ማሳጠቡን ተወችልሽ? ደብዳቤ ሲጀመር «ከናፍቆትሽ በቀር አንዳች አልጎደለብንም» ይባላል። እኔም ይህንኑ ልጽፍ ጀምሬ ወረቀቱን ቀደድኩት፤ እንደገና ጀምሬ እንደገና ቀደድኩት። ሰላምታዬ ጎደሎ ቢመስልሽ የታናሽሽ ጠባይ ነው ብለሽ እለፊው።

እማዬ ደኅና ናት። ፀጉሯን አሳጥራ ተቆርጣለች፤ ስትመጪ አይተሽ እንዳትደነግጪ ከወዲሁ ልንገርሽ ብዬ ነው። የላክሽላትን ቀይ ሻርፕ ለጊዜው አስቀምጣዋለች። ጊደሯ ወልዳለች። እኔም እዚያው ትምህርት ቤት፣ እዚያው ሁለተኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ፤ ልጆቹ ከዓመት ዓመት እያነሱ እኔ ብቻ እያረጀሁ አለሁ።

ስለ አባባ ለብቻው እጽፍልሻለሁ። ማዳም የሁለት ዓመት ውል ፈርሚ እያለችኝ ነው፣ ልፈርም ወይስ ለፋሲካ ልምጣ፣ አባባን ጠይቂልኝ ብለሽኛል። ጠይቄያቸዋለሁ፤ መልስም ሰጥተውኛል። ግን የላክሽው የመጫወቻ ካርታ ካርቶን እዚህ ቤት ምን እንዳደረገ አስቀድሜ ካልነገርኩሽ መልሳቸው አይገባሽም። ስለዚህ ታገሺኝ።

ካርቶኑን ጓደኛሽ ዘመናይ ከቤሩት ስትመለስ ይዛልን የመጣችው በመስከረም መጨረሻ ነው። ያን ጊዜ አባባ እንዴት እንደነበሩ አልጻፍኩልሽም። ድርቁ ቀፎዎቹን ሁሉ ባዶ ካደረጋቸው ወዲህ ከመደብ አይወርዱም፣ ሰው ሲጠራቸው አይወጡም። አልፎ አልፎ ጓሮ ይወጡና አንዱን ቀፎ ጆሯቸውን አስጠግተው አዳምጠው ይመለሳሉ። እማዬ፣ ሰውየው ከንቦቹ ጋር ሄዷል፣ ሬሳው ነው የቀረኝ ትል ነበር። ያኔ አፏ ላይ እንደመጣላት ነበር የምትናገረው።

እና በካርቶኑ ከላክሽልን ሳሙና ሥር ያ የካርታ ክምር ወጣ። የማዳም ልጅ ሰልችቷት ልትጥለው ስትል ለምነሽ እንደወሰድሽው፣ ከእሷ ጋር ስትጫወቺ ጨዋታውን እንደለመድሽ፣ አባባን ያጫውታቸዋል ብለሽ እንደላክሽው ከደብዳቤሽ አነበብኩላቸው። እማዬ የመጀመሪያውን ካርታ ገለጠች፤ ቀንዳም ነው። ቀጣዩን ገለጠች፤ እሳት የሚተፋ ነው። በስመ አብ ብላ ካርቶኑን ከነክዳኑ ደጅ አወጣችና የንስሐ አባታችን አባ አሥራተ ማርያም እስኪመጡ ድረስ ወደ ቤት አይገባም አለች።

አባ መጥተው መነጽራቸውን አደረጉና ካርታውን አንድ በአንድ እንደ ምስር ለቀሙት። ቀንድና ጥፍር ያለው ሁሉ ለእሳት ተባለ። ክንፍና ሰይፍ የያዙትን መላእክት ደግሞ፣ እነዚህን እንለምናቸዋለን እንጂ አናደባድባቸውም ብለው በጋቢያቸው ጠቅልለው ወሰዷቸው። የቀሩት በግ፣ ሚዳቋ፣ ወፍ፣ ንብ፣ ሣርና ውሃ ናቸው። እነዚህ የእግዚአብሔር ፍጥረት ናቸውና ተጫወቱባቸው፣ ብቻ ቁማር እንዳይሆን አሉ። አየሽ፣ የአባባን ካርታ የመረጡላቸው ስለ ጨዋታው አንዲት ነገር የማያውቁት የንስሐ አባት ናቸው።

ጎረቤታችንን አያ ደጅይጥኑን ታውቂያቸዋለሽ፤ ነገር ካለበት አይጠፉም። እሳቱ ሳይነድ ደርሰው ዘንዶዎቹን አዩና፣ ዘንዶ በቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ላይም አለ፣ እሱን ማን አቃጠለው ብለው ከአባ ጋር ክርክር ገጠሙ። አባም ሳቁ። እንግዲያው ወር በገባ በጊዮርጊስ ዕለት ዘንዶ እንዳይወጣ ብለው ለቀቁላቸው። ለአባባ ተጋጣሚ የተገኘላቸው እንዲህ ነው።

አንቺ በጻፍሽልን ደንብ እያንዳንዱ ተጫዋች ሃያ ሕይወት ይዞ ይጀምራል። እኛ ሕይወቱን በሽምብራ አደረግነው። ለሁለቱም በየጣባቸው ይሰፈርላቸዋል፤ መሐል ላይ ደግሞ አንድ ሰፌድ ሽምብራ ይቀመጣል። የተመታ ከጣባው ወደ ሰፌዱ ይመልሳል፣ ሕይወት የተጨመረለት ከሰፌዱ ያነሣል፣ ጣባው ባዶ የሆነበት አለቀለት። አያ ደጅይጥኑ ሲያስቡ ከጣባቸው እያነሱ ይቆረጥማሉ፤ ጥርሳቸው ጥሬ አይፈራም። ማንም ሳይመታቸው የራሳቸውን ሕይወት በልተው የተሸነፉበት ቀን አለ።

ከንቦቹ መካከል አንዲት ቢጫ ካርታ ነበረች፤ ሳታስታውሺያት አትቀሪም። እንግሊዝኛውን በመዝገበ ቃላት ፈትቼ፣ እሷ ጨዋታው ላይ እስካለች ድረስ ሌላ ፍጡር ባወረዱ ቁጥር አንድ ሕይወት ይጨመርልዎታል አልኳቸው። አባባ ካርታዋን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው ብዙ አዩአት። «ይቺማ አውራ ንብ ናት» አሉ። ቀፎዎቹ ባዶ ከሆኑ ወዲህ ስለ ንብ ሲያወሩ የሰማኋቸው ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ ክምሩን ማሰናዳት ሥራቸው ሆነ። መጀመሪያ ንብ በንብ አደረጉትና ሣርና ውሃውን ቀነሱት። ፍጡር የሚወርደው የሚያበላው የመሬት ካርታ፣ ሣር ወይም ውሃ፣ ሲኖር ነውና እጃቸው ንብ ሞልቶ አንዲቱን ማውረድ አቃታቸው። አበባ ሳይኖረኝ ንብ ሰበሰብኩ፣ ይኸ ድርቅ ነው አሉ። ቀጥለው መሬቱን አበዙት፤ አሁን ደግሞ ሜዳው አምሮ የሚቀስመው ጠፋ። እንዲህ ሲጨምሩ ሲቀንሱ ጥቅምት አለቀ። ንቦቹ አልበቃ ሲሉ የሳሙናሽን ካርቶን በካርታው ልክ አስቆርጠው እኔን ንብ አሳሉኝ። የንብ ክንፍ አራት ነው፣ አንቺ የሣልሽው ዝንብ ነው ብለው የመጀመሪያዎቹን አስጥለውኛል። አያ ደጅይጥኑ በእጅ የተሣለ አይቆጠርም ብለው ሲያምፁም፣ ያንተስ ዘንዶ ተወልዶ ነው ወይ የመጣው፣ እሱንም ሰው ነው የሣለው አሏቸው።

አባባ ማጥቃት የሚባል ነገር አያውቁም። አያ ደጅይጥኑ ዘንዶ ያወርዳሉ፣ አባባ ንብ አውርደው ሽምብራ ያነሣሉ፤ አያ ደጅይጥኑ ይመታሉ፣ አባባ አሁንም ሽምብራ ያነሣሉ። ጣባው ሞልቶ ይፈሳል፣ ጨዋታው ግን አያልቅም። አያ ደጅይጥኑ ተሰላችተው፣ ሰውዬ መቼ ነው የምትገድለኝ ሲሏቸው፣ ንብ ሰው ደጅ ሄዳ አትዘምትም፣ የመጣባትን ነው የምትነድፈው ይሏቸዋል። እውነትም ዘንዶው ሲመጣ ንቦቹ ተሰብስበው ይወድቁበታል፤ ብዙዎቹ ይሞታሉ፣ እሱም አይተርፍም። አያ ደጅይጥኑ ዘንዷቸውን አንሥተው ሲያኮርፉ አባባ ሲስቁ ብታያቸው! እማዬ ከማድ ቤት ወጥታ ታያቸውና ትመለስ ነበር። አንቺ ለምነሽ ከመጣል ያዳንሽው ወረቀት ነው አባታችንን ከመደብ ያወረደው።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በዪ። አንድ ቀን አያ ደጅይጥኑ አውራዋን ለዛሬ ብቻ አውሰኝ አሏቸው። አባባ በኽምጣኛ መለሱላቸው፤ በኽምጣኛ የሚመልሱት ሲቆጡ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ለእኔ ግን ረጋ ብለው አስረዱኝ። «ባለ ቀፎ አውራውን አያውስም። ከእጁ የምትወጣው ሽምብራው ሲያልቅ ነው፤ ያን ጊዜ ለሚተካው ይሰጣታል» አሉኝ። አንቺ በጻፍሽው ደንብ ውስጥ ይህ የለም። የቤታችን ደንብ ሆኖ ቀረ።

በኅዳር መጨረሻ ጎናቸውን ያዛቸው። ሆስፒታል ወሰድናቸው፤ ሐኪሙ ወደ ትልቅ ከተማ ይሂዱ አለ። አባባ መንገዱን እምቢ አሉ፤ በአልጋ ተጭኜ ሰው አገር ከምጣል ከካርታዬ ጋር ልሁን አሉ። ለአንቺ እንዳልጽፍም አባ አሥራተ ማርያም ባሉበት አስማሉኝ። ብትሰማ የምታደርገው የለም፣ ሰው ቤት ሆና ታለቅሳለች እንጂ አሉ። ተናድጄባቸው ነበር፣ አልዋሽሽም። አንቺ በየደብዳቤሽ አባባ እንዴት ናቸው ስትዪ እኔ ስለ ጊደሯ ስጽፍ ምን ይሰማኝ እንደነበር እግዚአብሔር ያውቃል። አሁን የምጽፍልሽ አባ ከመሐላው ስለፈቱኝ ነው።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ጨዋታው መደባቸው ላይ ሆነ። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ እሳቸው ያዛሉ፣ ካርታውን እኔ አኖራለሁ። አንድ ከሰዓት ዕድላቸው ጠመመ፤ ንቦቻቸው አልቀው አውራዋ ብቻዋን ቀረች፣ ጣባው ውስጥ ጥቂት ሽምብራ ብቻ ቀርቷል፣ ፊት ለፊታቸው ደግሞ ትልቁ ዘንዶ ቆሟል። የአያ ደጅይጥኑ ተራ ደረሰ። ጣባውን አዩ፣ አባባን አዩ፣ ዛሬ አልመታም፣ አንተ ቀጥል አሉ። ተራው ሲዞር አሁንም አልመታም አሉ።

አባባ ተቆጡ። «ደጅይጥኑ፣ ታመመ ብለህ ጨዋታ አታበላሽብኝ። ምታ።»

አያ ደጅይጥኑ ጋቢያቸውን አስተካክለው ዘንዶውን በፊቱ ደፉት። «ዛሬ ጊዮርጊስ ነው፤ ዘንዶ አይወጣም» አሉ።

ጊዮርጊስ አልነበረም። ሦስታችንም እናውቅ ነበር። አባባ ቀጣዩን ካርታ አውጪ አሉኝ። ከዚያ የሳሙናሽ ካርቶን ንቦች ከክምሩ ይመጡ ጀመር፤ አንዲቱን ባኖርኩ ቁጥር አንድ ሽምብራ ወደ ጣባው እጨምራለሁ። አያ ደጅይጥኑ ተራቸው ሲደርስ፣ ጊዮርጊስ ነው፣ እያሉ ያልፋሉ። ጣባው እስኪሞላ ድረስ እንዲህ ቆየን። እኔም ውሃ ላምጣ ብዬ ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ።

ደብዳቤሽ የደረሰው በማግስቱ ነው። አጠገባቸው ተቀምጬ አነበብኩላቸው፤ ልፈርም ወይስ ልምጣ የሚለው ላይ ስደርስ ድገሚው አሉኝ፣ ደገምኩት። ክምሩን አምጪ አሉና አውራዋን ራሳቸው ፈልገው አወጧት። ለእኔ ዘርግተው፣ ይቺን ላኪላት አሉኝ።

ደነገጥኩ። ደንቡን ረሱት እንዴ አባባ፣ ሽምብራዎ እኮ ገና ሙሉ ነው አልኳቸው፣ ጣባውን እያሳየሁ። ጣባውን አይተው ፈገግ አሉ።

«እንግዲያው እስኪያልቅ ጠብቂና ላኪላት። መልሴ እሷ ናት» አሉኝ።

እህቴ፣ ውሉን አትፈርሚ። ነይ። ለፋሲካ ባይደርስልሽም ነይ። ወልድያ አጎታችን ይሄይስ ይቀበልሻል፤ እሱን ሳታገኚ ብቻሽን አውቶቡስ እንዳትሳፈሪ። የዚያን ቀን እሱ ቤት ታድሪያለሽ። በማለዳ ዘመዶች በሩን ቢያንኳኩ፣ ይህ ሁሉ ሰው ምን ሆኖ ነው ብለሽ አትሽሺ፤ እኔም ከመካከላቸው እሆናለሁ፣ ቀድሜ የማቅፍሽ እኔ ነኝ። ታላላቆቹ በወረቀት የማይነገር ነገር አለ ይላሉ። እኔም እሺ ብዬ ስለ ካርታ ብቻ ጻፍኩልሽ።

አያ ደጅይጥኑ በየቀኑ እየመጡ ቀፎዎቹን እየጠረጉ በጢስ እያጠኑ ነው። በልጉ ጠብ ካለ መንጋ አይጠፋም፣ ልጅቱ ስትመጣ ባዶ ቀፎ አታገኝም ይላሉ። ዘንዶዎቻቸውን ሁሉ ለአባ አሥራተ ማርያም መልሰዋል፤ ከእንግዲህ ከማን ጋር ብለው። እኛም ሽምብራ የለንም። በጣባውም በሰፌዱም የነበረውን እማዬ ለንፍሮ ቀቅላዋለች።

በሰው አገር እንጀራ የሰጠሽ አምላክ በአገርሽ አፈር ላይ እግርሽን ያቁምልኝ። የአባታችን ምርቃት በባሕሩም በአየሩም ይከተልሽ። ሳለቅስ የምታባብለኝ አንቺ ነበርሽ፤ አሁን ተራው የእኔ ነው።

በር በሩን እያየሁ የምጠብቅሽ ታናሽሽ

አውራዋ እዚህ ወረቀት መሐል አለች። ፖስታውን ስትከፍቺ እንዳትወድቅብሽ።